እምቢ ያለው የየቡ ሞተር

ጉዳዩ የሚመለከተን አራት ሰዎች ነን። የቡ ከተማ የሚገኘው የቡና መፈልፈያ ባለቤት ሐጂ ነስሩ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሸምሱ፣ ጅማ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የምትማረው ልጄ ሰሚራ፣ እና የተቃጠለ ሞተር እየፈታሁ ሙያውን ለራሴ ያስተማርኩ እኔ። አራታችንም ሐቀኞች ነን። ማሽን ደግሞ ከሌባ ይልቅ ሐቀኛ ሰው ያቆመዋል… አንባቢዬ፣ ሳትቆጣ ስማኝ።

ማክሰኞ ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። ሸምሱ ማስነሻውን ቢጫን ሞተሩ አቃሰተና ቆመ። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ድራይቭ ከልክ ያለፈ ከረንት ስቧል የሚል ምልክት አበራ። ቢደግም ያው።

«ዛሬ ካልተነሳ ሰዉ ቡናውን ጭኖ ሊሙ ገነት መሄዱ ነው» አሉኝ ሐጂ።

ኬብሉን ለካሁ፤ ደህና ነው። እንግዲያው ሞተሩ ነው ብዬ ፈረድኩ። አስፈታሁና በፒክአፕ ጅማ ላክሁት። የሞተር ሽቦ ጠምዛዡ መርምሮ «ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ገጠምነው። አሁንም እምቢ። ሁለት ደንበኞች ጆንያቸውን ጭነው ሄዱ።

ሰሚራ ደወለች፤ የሆነውን ነገርኳት። «አባ፣ ከመፈልፈያው የሚያገናኘውን ቀበቶ አውልቃችሁ ሞተሩን ብቻውን ሞክራችኋል?»

ቀበቶውን አወለቅን። ሞተሩ እንደ ንብ እያዜመ ተሽከረከረ።

«ሸምሱ፣ ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?» አልኩት።

«የደንበኛችን የአባ ፊጣ ቡና። መብራት ሲጠፋ እንደሞላ ቀረ። እሳቸው ለቀብር ወደ ደዶ ሄዱ።»

«ታዲያ ሞተሩን አንቆ የያዘው እሱ ነዋ! ለምን አላወጣኸውም?»

ሸምሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። አምና ቡና ተቀላቅሎ ሰው ሲጣላ ራሴ የጻፍኩት ነው፦ «የሰው ቡና ባለቤቱ በሌለበት አይነካም።»

«እርስዎ ካሉ አሁን አወጣዋለሁ» አለ።

ሐጂ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ሰው የሰውን ንብረት እንዳይነካ ስመክር የኖርኩ ሰው፣ ምን ልበል? አባ ፊጣ ጋ ብንደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

«አማና ነው፤ የሰው አደራ ስለሆነ ባለቤቱ ይጠበቃል» አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ወደ አመሻሹ፣ ከአስር ሰላት በኋላ አባ ፊጣ መጡ። ማሽኑን አዩ፤ እኛን አዩ። «ያ ረቢ፣ ለግማሽ ጆንያ ቡና ነው ሰው የምታባርሩት?» አሉና በእጃቸው ዝቀው አወጡት። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ።

የፒክአፑ ደርሶ መልስ፣ የጠምዛዡ ምርመራና የሄዱት ደንበኞች የማስፈልፈያ ክፍያ ተደምሮ ኪሳራው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ሆነ። የእኔን የቀን ዋጋ አልጨመርኩም፤ ልቀበል አፍሬያለሁ። ከአባ ፊጣ ቡና ግን አንድ ፍሬ አልጎደለም።