የልቶይ ቅንድብ

[ኢሎኢሎ ከተማ፣ የማንግ ሴፌሪኖ ፀጉር ቤት። ባለቤቱና ከቡዳፔስት የቼዝ ውድድር ትናንት የተመለሰው ተማሪያቸው ልቶይ ቼዝ ይጫወታሉ። በር ላይ ለሚሰቀለው የ«እንኳን ደስ አለን» ሸራ የማን ፎቶ ይተልቅ በሚል ተጨቃጭቀው፣ ያሸነፈ ይተልቅ ተባብለዋል።]

ማንግ ሴፌሪኖ፦ ያስተማርኩህ እኔ፣ ፎቶው ያንተ? ግማሹን ሸራ እንደሆነ የከንቲባው ፊት ወስዶታል።

ልቶይ፦ የተወዳደርኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ማንግ ሴፌሪኖ።

ማንግ ሴፌሪኖ፦ በጥጋብ ነው የተወዳደርከው። ለማዕረግህ አቻ ይበቃህ ነበር። ጀርመኑ አቻ እንውጣ ሲልህ እምቢ አልክ አሉ።

ልቶይ፦ ኧረ እሺ ብያለሁ።

ማንግ ሴፌሪኖ፦ በየትኛው አፍህ?

ልቶይ፦ [ቅንድቡን ሽቅብ አንስቶ ይመልሳል።]

ማንግ ሴፌሪኖ፦ ለጀርመን? እንዲህ?

ልቶይ፦ እናቴም እሺ ስትል እንዲህ ነው የምታደርገው።

ማንግ ሴፌሪኖ፦ እናትህን እኔ አውቃታለሁ፤ ጀርመን የት ያውቃታል? ከዚያስ?

ልቶይ፦ ቼዙ ላይ አርባ ደቂቃ አፈጠጠ። ላብ አጠመቀው። ደግሞ አቻ አለኝ። አላየኝም ይሆናል ብዬ ከፍ አድርጌ አነሳሁለት።

ማንግ ሴፌሪኖ፦ ለመሆኑ ማን እየመራ ነበር?

ልቶይ፦ እሱ። በሦስት እርምጃ ያልቅልኝ ነበር።

ማንግ ሴፌሪኖ፦ እና?

ልቶይ፦ ተሸንፌያለሁ ብሎ ንጉሡን አጋደመው። ምን አስበህ ነው ሲለኝ፣ ስለ ምሳ አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፋት።

ማንግ ሴፌሪኖ፦ አይ ቂል! ሰው በቅንድብ ይሸነፋል? [ቼዙን ያያሉ።] በል፣ በአንድ ፈረስ እበልጥሃለሁ፤ ግን ልጄ ነህ፣ አልጨክንብህም። አቻ እንውጣና ፎቷችን እኩል ይሁን።

ልቶይ፦ [ቅንድቡን ያነሳል።]

ማንግ ሴፌሪኖ፦ ምነው? [ያጎነብሳሉ።] ይቺ ወታደር እዚህ ምን ትሠራለች?

ልቶይ፦ [ከፍ አድርጎ ያነሳል።]

ማንግ ሴፌሪኖ፦ ተው፣ እኔ በቅንድብ ስነጋገር ያረጀሁ ሰው ነኝ። እኔን አታስፈራራኝም። [በፀጉር ቤቱ ፎጣ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ።] ፈረሴን ነው? ንግሥቴን ነው?

[ማንግ ሴፌሪኖ ቼዙ ላይ ብዙ አፍጥጠው ንጉሣቸውን ያጋድማሉ።]

ማንግ ሴፌሪኖ፦ ውሰደው፣ ፎቶህ ይተልቅ። ብቻ ያየኸውን ንገረኝ።

ልቶይ፦ ምንም አላየሁም። እሺ እያልኩዎት ነበር እኮ፣ ማንግ ሴፌሪኖ። እናቴን ያውቋት የለ?