እትዬ ቆልፊና የሌባው ቦርሳ

በሰው አገር ሥራ ሳታገኙ፣ ቤት ሳታገኙ፣ ዳቦ የት እንደሚሸጥ እንኳ ሳታውቁ የሚያገኛችሁ ሰው አለ። እናንተ አትፈልጉትም፤ እሱ ነው ፈልጎ የሚያገኛችሁ። ሥራው የት ቦታ፣ በምን ሰዓት፣ እንዴት አድርገው እንደሚዘርፏችሁ መንገር ነው። ደመወዝ የለውም፤ ሹመቱንም የሰጠው የለም። ያም ሆኖ ያገሬ ሰው ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አራተኛው እሱ ነው።

የእኛ ሴት ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «እትዬ ቆልፊ» ነው የምንላቸው። መጀመሪያ በሌሉበት ነበር፤ አንድ ቀን ከመካከላችን ካለው ልብስ ሰፊ አፍ አምልጦ ሰሙት፤ እኛ በድንጋጤ ክው ስንል እሳቸው እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ በማጠብና በመተኮስ ነው የሚተዳደሩት። አጭር ናቸው፤ ጥንቃቄያቸው ግን የሦስት ረጃጅም ሰዎች ያህላል።

የመጣሁ ሰሞን አውቶቡስ ፌርማታ ቆሜ ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በገዛ ቋንቋዬ «ስልክሽን ወደ ውስጥ ያዥው፤ በሞተር መጥተው ነው የሚመነትፉት» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ስምሽ ማነው የለ። ዞር ስል ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ሴት፣ ከካፖርቱ ሥር ቦርሳ ታቅፈው እንደ ነፍሰ ጡር ቆመዋል። «እኔ ላስፈራራሽ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ አውቶቡሱ እስኪመጣ አስፈራሩኝ።

«እኔ ላስፈራራሽ አይደለም» ካሉ በኋላ ሁልጊዜ ተከትላ የምትመጣ አንዲት ሴት አለች። «አንዲት የማውቃት ልጅ» ነው የሚሏት። አንዲት የማውቃት ልጅ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ሰቅላ ሻይ ስትጠጣ፣ ሻይዋ ሳይበርድ ቦርሳዋ ሄደ። አንዲት የማውቃት ልጅ ቤት ላከራይሽ ያላትን ሰው አምና ከፍላ ከነሻንጣዋ ብትሄድ፣ የቤቱ ባለቤት ፒጃማ ለብሶ በሩን ከፈተላት። አንዲት የማውቃት ልጅ «ቆጣሪ ላነብ ነው» ላለ ሰው ከፍታለት፣ ቆጣሪውን ትቶ ሬዲዮዋን ይዞ ወጣ። የእትዬ የዘወትር ተቃዋሚ የሆነው ልብስ ሰፊ «ይህቺ ልጅ ከቤት ባትወጣስ?» ይላል። እኔ ደግሞ «ኧረ ቤት ብትቀመጥም አልተዋት» እለዋለሁ። በዚህች በማናውቃት ልጅ ስንት ሳቅን መሰላችሁ።

ብቻዬን እንደምኖር የሰሙ ዕለት ከሰልባጅ ሻጭ አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ ገዝተው መጡ። ጫማ አይባልም፤ ሰው ተሳፍሮ የሚሄድበት ነው። ከበሬ ውጭ አስቀመጡትና «ባልሽ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ባል ካመጡልኝ አይቀር ከጫማው በላይ ያለውንም ይዘውልኝ ይምጡ እንጂ።»

«የዚህኛው ጥቅሙ አይጠጣም፣ አያመሽም።»

ባል ደግሞ አያያዝ አለው። ጫማው በየጠዋቱ ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለበት፤ «የማይንቀሳቀስ ጫማ ባለቤቱ የሞተ ነው» ይላሉ። በዝናብ ቀን ውሃ ይረጭበታል። ማታ ስገባ ደግሞ ወደ ባዶው ቤት «መጣሁ!» ማለት አለብኝ፤ ደረጃው ላይ የተከተለኝ ካለ ውስጥ ወንድ እንዳለ እንዲያውቅ። መጀመሪያ መጀመሪያ አፍሬ በሹክሹክታ ነበር የምለው። «ባልሽ ጆሮው ከባድ ቢሆንስ?» ብለው ሲቆጡኝ ጮክ ማለት ጀመርኩ። ከወራት በኋላ አከራዬ ደረጃ ላይ አስቁማኝ «ባለቤትሽ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን እንኳ ሰምቼው አላውቅ» አለችኝ። ጥቂት አሰብ አድርጋ «ግን ያን የሚያህል እግር ይዞ አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻ ይዞ አይወርድም?» ብላ ጨመረች። ሥራው ከባድ እንደሆነ ነግሬ ተከላከልኩለት።

ቦርሳቸውስ? እትዬ የሚይዙት ሁለት ነው። እውነተኛው ከካፖርቱ ሥር ያለው ነው። ሌላው ትከሻቸው ላይ በይፋ የሚወዛወዝ፣ «የሌባው ቦርሳ» የሚሉት ነው። ውስጡ ያገለገለ የአውቶቡስ ትኬት፣ ጊዜው ያለፈበት የሥራ መታወቂያ፣ የተሰነጠቀ መስታወትና አንድ መሀረብ አለ። «ሌባ ባዶ እጁን ከተመለሰ ይናደዳል፤ ሲናደድ ይማታል። የሚሰጠው ይኑርሽ» ይላሉ። መሀረቡ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት የታጠፈ ነው። ለሌባ መተኮስ ምን ይሉታል ብላቸው «ሰው እኮ ነው» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ይቻላል፤ የማይቻለው የማታው ስልክ ነበር። ሁሉም ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ስልኬ ይጮኻል።

«ቤት ገባሽ?»

«ገብቻለሁ፣ እትዬ።»

«ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

«ሂጂ ነክተሽው ነይ።»

ሄጄ ነክቼው እመለሳለሁ። ደህና እደሪ ይሉኝና ወደ ልብስ ሰፊው፣ ከእሱ ወደ ዕቃ አመላላሹ ሹፌር፣ ከእሱ ወደ ሁለቱ ነርስ እህትማማቾች ይሻገራሉ። ያላነሳ ወዮለት። አንድ ጊዜ ስልኬን ዘግቼ ሲኒማ ገብቼ ስወጣ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ሰው አጠያይቀው፣ ልብስ ሰፊውን ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አስከትለው፣ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሲሟገቱ አገኘኋቸው። ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ እናቴ እንኳ እንዲህ አትጠብቀኝም» አልኳቸው።

«እናትሽ ሩቅ ናት። እኔ ቅርብ ነኝ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ፊልሙ ደህና እንደነበር ጠየቁኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት ሌንስ ስሞርድ ውዬ ደክሞኝ ነበር። ራቴን አሙቄ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ማንም ሳያዘኝ ልበላ ተቀመጥኩ። አንድ ጉርሻ እንደጎረስኩ ግን ተውኩት። ተነስቼ በሩን ነካሁት። ተመልሼ ብቀመጥም አልሆነም። ስደውልላቸው ስልካቸው ዝግ ነው። ልብስ ሰፊው ጋ ደወልኩ።

«ላንተ ደውለዋል?»

«ላንቺ ደውለው እኔን የተዉኝ መስሎኝ ተቀይሜ ተቀምጫለሁ» አለኝ። ቀልደኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደም።

ሹፌሩ በመኪናው እየዞረ ሁላችንንም ለቃቀመን። እትዬ ቤት ደርሰን በሩን ደበደብን። የሚመልስ የለም። ሆቴሉ ስንደውል በሰዓታቸው ወጥተዋል ተባልን። ታናሽየዋ ነርስ «ውስጥ ወድቀው ቢሆንስ?» ስትል ሹፌሩ በሩን በትከሻው ገጨው፤ በሩ ምንም አልሆነም፤ ሹፌሩ ግን ትከሻውን ይዞ ተመለሰ። እሳቸው የቆለፉትን ማን ሊከፍተው? እኔ ፈራሁ። ለራሴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። በዚያች ልጅ ላይ ደረሰ ሲሉን የከረሙት ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ፤ አሁን ግን ልጅቷ የእትዬን ካፖርት ለብሳ ነበር የምትታየኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሰው ጠፍቶብናል አልነው ተረኛውን። የደከመው ሰው ነው፤ ቀና ሳይል «ተራ ጠብቁ። እናንተ አንድ ነው የጠፋባችሁ፤ ውስጥ አምስት ሰው በአንድ ማታ የጠፋባት ሴት አለች» አለን።

ከጓዳው ክፍል የምናውቀው ድምፅ መጣ። «ረጅሙን ጻፍከው? አንገቱ ላይ ሜትር አለ። አንዷ ደግሞ መነጽር ቤት የምትሠራ ናት፤ መልከ መልካም፣ ምክር የማትሰማ።»

ልብስ ሰፊው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ። እያለቀሰም እንደነበር ያየሁት ቆይቼ ነው።

እትዬ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ተረኛው ወደ እኛ አመልክቶ «እነዚህ ናቸው?» አላቸው። በጣታቸው ቆጠሩን። ሲጨርሱ እንደገና ጀመሩ። ሁለተኛውን ቆጥረው ሲያበቁ በቁጣ «የት ነበራችሁ?» አሉን።

«እርስዎ ቤት!»

«እኔ ቤት ማን አለ ብላችሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆቴሉ ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ፣ ሞተር ላይ ያለ ጎረምሳ መንገድ ዘግቶ «ቦርሳ» አላቸው። ስንት ዓመት የተዘጋጁበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። እትዬ አልጮኹም፣ አልታገሉም፤ ልክ እንዳስተማሩን ተረጋግተው ሰጡት። የሰጡት ግን እውነተኛውን ነው። የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትተው፣ ከሥር አውጥተው፣ የሌባውን ቦርሳ አንቀው ይዘው። ሌባው ራሱ ግራ ሳይገባው አልቀረም። «እጄ ነው እንጂ እኔ አልሰጠሁትም» አሉን። ስልካቸውም የቤት ቁልፎቻቸውም በዚያው ሄዱ።

የማናችንንም ቁጥር በቃላቸው አያውቁትም። የመደወያቸው ሰዓት ሲደርስ ግን ዝም ብለው መቆም አልሆነላቸውም፤ በእግራቸው እየዞሩ በየበራችን አንኳኩ። እኛ የእሳቸውን በር ስንደበድብ እሳቸው የእኛን ይደበድቡ ነበር። እኔ ቤት ሲደርሱ አከራዬ ብቅ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከአንድ ወንድ ጋር መኪና ውስጥ ገብታ በረረች። ባሏ ምስኪን ቤት ውስጥ ነው፤ ጫማው ይኸው» አለቻቸው። እትዬ ባሌን ያውቁታል። ቀጥ ብለው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጡ።

«አንድ ላይ ጠራርገው የወሰዷችሁ መስሎኝ ነዋ» አሉ። የሌባውን ቦርሳ ከፈቱና የተተኮሰውን መሀረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

የቤታቸው ቁልፍ ስለሌለ ወደ እኔ ቤት ይዘናቸው ሄድን። መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንዲት የማውቃት ልጅ» አሉ ኋላ ላይ። ማንም አልሳቀም። «አዲስ የመጣች ሰሞን ደረጃ ላይ ገፍትረው ቦርሳዋን ወሰዱባት። እግሯ ተሰበረ። ሆስፒታል ‹ማንን እንጥራልሽ?› ሲሏት የምትጠራው ስም አጣች። ተኝታ ሰነበተች፤ ይቺ ልጅ የት ገባች ያለ አንድ ሰው አልነበረም።»

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ እጃቸውን ያዝኩ።

«ልጅቷ አሁን የት ናት፣ እትዬ?»

«አሁንማ» አሉ፣ መሀረቡን መልሰው በአራት እያጠፉ፣ «ሲመሽባት ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የሚፈልጋት ሰው አላት።»

በማግሥቱ ቁልፍ ሠሪው በራቸውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀናት ይፈጃል አለ። ስለዚህ እኔ ዘንድ ይሰነብታሉ። ማታ ከሥራ ስመለስ ባሌን በእግሬ ፈቀቅ አደረግኩት፣ በሩን ከፈትኩ፣ እንደ ልማዴም ጮክ ብዬ «መጣሁ!» አልኩ።

«ቆልፈሽ ግቢ» የሚል ድምፅ ከኩሽና መለሰልኝ።

ቆለፍኩ። ከዚያ ማንም ሳይነግረኝ ነካ አድርጌ አየሁት።