የልጃችን ማስተርስና የአስማረ ድንጋይ

ልጅ አስተምራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው «ልጃችሁ ምን ተማረች?» ሲል የሚጠይቀው ስለ ልጃችሁ አይደለም፣ ስለ ራሱ ነው። ሕክምና ካላችሁት ወዲያው ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳያችኋል። ምሕንድስና ካላችሁት የተሰነጠቀ ግድግዳው ትዝ ይለዋል። እርሻ ካላችሁትማ «እሱንስ እኔም እችለው ነበር» ብሎ ይስቅባችኋል። እስኪ ወንጀል በሉት! ዝም ነው የሚላችሁ። ዝም ብሎ፣ ያለፈውን ዕድሜውን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ዓይኑ ላይ ታዩታላችሁ።

እኔ ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ወረድ ብሎ ካለው የሩዝ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሩዝ የምሸጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ድምፄ ግን ከወፍጮው ሞተር ያልፋል፣ ይህን የሚጠሉኝም አይክዱኝም። ከወንድሜ የቀረችኝን አንዲት ልጅ፣ ውባለምን፣ አሳድጌ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትበቃ እንዴት ዝም ልበል? «ውባለም ማስተርስ ገባች! የወንጀል ፍትሕ ልትማር ነው!» ብዬ እልል አልኩ። አንዳንዱ አብሮኝ እልል አለ። የቀረው ጆንያውን እያየ ቀረ። እኔ ሞኟ አድናቆት መስሎኝ።

ለካ ሒሳብ ሲያስቡ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ወንድሜ አዱኛ የሞተው በሰው እጅ ነው። ውባለም ገና የምትታዘል ሕፃን ነበረች። የሩዝ ችግኝ በሚተከልበት ሰሞን ከማሳ ጎረቤቱ ከአስማረ ጋር በውሃ ተጣሉ፤ በውሃ የተጀመረው በአካፋ አለቀ። አስማረ እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ ወህኒ ኖሮ ወጣ። ለመንግሥት ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በኛ ዘንድ ግን ወህኒ የመንግሥትን ዕዳ እንጂ የቤተሰብን ደም አያደርቅም። ደሙ የሚደርቀው ገዳይ ከሽማግሌና ከካህን ጋር መጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ወድቆ፣ የሆነውን ሳይደብቅ ተናግሮ፣ ከሟች ወገን አንዱ ድንጋዩን ሲያነሣለት ነው። ከኛ ወገን ማን ያንሣ? አዱኛ ወንድ ልጅ የለው፣ ሌላ ወንድም የለው። እኔና አንዲት ሕፃን ነበርን። ሽማግሌዎቹ «ወንድ ሲገኝ» አሉ። ወንድ ከየት ይገኝ? በዚሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አስማረም ከወህኒ ወጥቶ ሲኖር ከሰው ጋር አልኖረም፣ ከኛ ሲሸሽ ኖረ እንጂ። እኔ ባለሁበት ወፍጮ ሩዙን አያስፈልፍልም፤ በአህያ ጭኖ እስከ ሐሙሲት ይሄዳል። ቅዳሴ የምንገባበትን በር ስለሚያውቅ በሌላው ይገባል። እንዲህ ስነግራችሁ ያዘንኩለት ይመስላችሁ ይሆናል። ያኔ አላዘንኩም። ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ልጃችን እንመለስ። ውባለም የምታጠናው፣ ከማረሚያ ቤት የወጡ ሰዎች ቀያቸው ተመልሰው እንዴት እንደሚኖሩ ነው። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን መጥታ በየቀበሌው እየዞረች ታነጋግራቸው ጀመር። «አስማረንስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«እሱንማ አልነካውም። አማካሪዬ ‘የራስሽ ጉዳይ ያለበትን ሰው እንዳታስገቢ’ ብሎኛል። ብነካው ጥናቱ ይበላሻል።»

«ደግ። እንኳን አልነካሽው» አልኳት።

ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ። አባቷ የተገደለባት ልጅ ወንጀል ተምራ መጣች። ከወህኒ የወጡትን እየለቀመች ታነጋግራለች። ድምፃቸውን ትቀዳለች። የወዲያኛው ቀበሌ አልቋል፣ ወዲህ እየቀረበች ነው። አስማረን ብቻ ዘላዋለች! እኛ አገር ሰው አንዱን ለይቶ ሲዘለው ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ልጃችን ጥናቷን ከአስማረ በጠበቀች መጠን፣ አስማረ ቀኑ እንደ ደረሰ እያመነ ሄደ። ሌላው ልጁን ለደሙ ጠመንጃ ያስገዛል፣ እነዚህ ዲግሪ አስገዟት ተባለ። አስማረ ሩዙ ደርሶ ሳለ ማጨዱን ትቶ ወደ መተማ ሊጠፋ ስንቁን ማሰናዳቱን የሰማነው በኋላ ነው። ሚስቱ ናት ሮጣ ለነፍስ አባታቸው ለአባ የነገረችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ላይ ሰው ቆመ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከሁሉም ኋላ አስማረ። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ደጃችን ላይ በግንባሩ ተደፋ።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «ወንድ እስኪገኝ ብለን ዘገየን። አንቺ ግን ሴት ብትሆኚም ከወንድ እኩል ተምረሻል። ደሙን አድርቂው።»

ውባለም መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። «አባ፣ ይነሣ እንጂ! እኔ ከእሱ ጋር ምንም ጠብ የለኝም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ጠብ ከሌለሽ ታረቂው» አሉ አባ።

«ጠብ ከሌለ ለምን እታረቃለሁ? ተፈርዶበት ጨርሷል። በሕግ ነፃ ሰው ነው። ተነሥ በሉት።»

እንግዲህ እዩልኝ። ይህች ልጅ ከተማረችው ሁሉ ደጉን፣ ለሰው ልጅ የሚባለውን ትልቁን ቃል አውጥታ መስጠቷ ነው። እኛ ደጃፍ ላይ ግን «ጠብ የለኝም» ብሎ ዕርቅ እምቢ ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አንደኛው ሽማግሌ ነጠላውን አጣፋና «በሉ አባ፣ እንሂድ፣ ልጅቱ ቆርጣለች» አለ።

«ምኑን ነው የቆረጥኩት?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ፣ ንገሪያቸው እንጂ! እዚህ ከገባሁ የሁለት ዓመት ሥራዬ ገደል ገባ። ከማጠናው ነገር ውስጥ ራሴ ገባሁ ማለት እኮ ነው።»

አስማረ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ተናገረ። ድምፁን ከፍርድ ቤቱ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። «ይተዉአት አባ። ዳኛው ሲፈርድብኝ መጨረሻውን ነግሮኝ ነበር። እናንተ ናችሁ መጨረሻውን ያልነገራችሁኝ።»

ልጄ ቆመች። አንድ እጇ ድምፅ የምትቀዳበት ስልኳ ላይ ነበር። እንድትቀዳው ፈልጋ እንዳይመስላችሁ፣ እጇ የሚይዘው አጥቶ ነው። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ጎንበስ አለች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አነሣችው። ከበዳት። ሽማግሌው ሊረዳት እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ» አለችው።

ወጉ ነውና አስማረ ከዚያ በኋላ የሆነውን ተናገረ። ውሃውን በሌሊት ወደ ራሱ ማሳ የመለሰው እሱ እንደነበር ተናገረ። አካፋውን ያነሣው እሱ እንደነበር ተናገረ። እነዚህን ፍርድ ቤት ሰምተናቸዋል። ሲጨርስ ውባለም «አባቴ ምን አለ?» አለችው።

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ዳኛውም አልጠየቀው። እኛ በለቅሶው ቀን «ደሜን አደራ ብሎ ሞተ» ብለን አልቅሰን፣ አስለቅሰን፣ እውነት አድርገነው ኖረናል።

«ጭቃው ላይ ወድቆ ነበር» አለ አስማረ። «‘ውሃውን ዝጋው፣ ችግኙን ይዞት ሊሄድ ነው’ አለኝ።»

«የማን ችግኝ?»

አስማረ አፈሩን አየ። «ውሃው እኔ ማሳ ውስጥ ነበር።»

አባ መስቀላቸውን አሳለሙን። እንጀራ ቀረበ፣ ከአንድ ገበታ ተቆረሰ፣ ሁላችንም ጎረስን። እውነቱን ይሆን? እናንተም እንደኔ ትጠራጠራላችሁ። መስካሪው ገዳዩ ብቻ ነው። ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ የሌላ ሰው ጥጃ ማሳው ገብቶ ሲያገኝ መጀመሪያ እግሩ እንዳይሰበር የሚሰጋ ሰው ነበር። ይህን ያህል ዘመን ሌላ ሰው አድርጌ ሳለቅስለት መኖሬን አስቤ ነው የተንገበገብኩት።

ውባለም ተመልሳ ለአማካሪዋ ሁሉንም ነገረችው። ደብቂ ብያት ነበር፤ «ወንጀል እየተማርኩ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም አሉ፣ አዝኖላታል። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ በወረዳው ውስጥ የሰበሰበችው ሁሉ ተጣለ። ከእንግዲህ ሰው ሲያናግራት እንደ አጥኚ ይሁን እንደ አስታራቂ አይታወቅም ተባለ። ሌላ አርእስት፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ዓመት። ስልክ ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ደህና ያልሆነ ሰው እንደሚለው ቶሎ ብላ።

ባለፈው ቅዳሜ አስማረ ሩዙን ወደኛ ወፍጮ ይዞ መጣ። እውነት ልናገር፣ ፊቱን ገና አልወደድኩትም፤ ሰላም ግን እለዋለሁ። «እቴ ዘውዴ» አለኝ፣ «ልጅቱ ተመረቀች?»

«ምን ትመረቃለች! የአንተን ድንጋይ አንሥታ አንድ ዓመት ተፈረደባት» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «ሽማግሌ ልሰብስብ?» አለ።

«ለምኑ?»

«መምህሯ ዘንድ ልሂድ። ደጁ ላይ ልውደቅለት።»

ሳቄ መጣ። አስማረ ድንጋዩን ታቅፎ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ድንጋዩን ሲፈትሽለት ታየኝና ሞተሩን እስክበልጥ ሳቅሁ። ቀና ስል እሱ አይስቅም። ከምሩ ነው።

«ተው አስማረ» አልኩት፣ «በቃ እኮ፣ ደርቋል። እኛ ጨርሰናል።»

«እናንተስ ጨርሳችኋል» አለኝ። ተነሥቶ ጆንያውን ወደ ወፍጮው አፍ ጎተተው።