ለወፍ የተሰጠ ቀጠሮ

ሁምቦ ውስጥ ማሽላ በተዘራበት ሁሉ ከወፍ ጋር የሚጨቃጨቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ዝም ብሎ ድንጋይ ይወረውራል፤ ይሄኛው ግን ወፏን አሳምኖ ካልሸኘ ደስ አይለውም። የኛ ሰፈር ደግሞ የሁሉንም የበላይ ይዟል፤ ክብርት እትዬ ፈጠነችን። እኔ ጽሕፈት ላይ ብዙም አይደለሁም። ግን ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል ብዬ ብጠብቅ፣ ማንም አልጻፈም።

ማማቸው እንጨትና ትንሽ ሣር ነው። እሳቸው ግን ቢሮ እንደሚገባ ሰው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚወጡበት። ጅራፍ አላቸው፣ ወንጭፍም አላቸው፤ ዋናው መሣሪያቸው ግን አማርኛ ነው። ከኛ ጋር ቀኑን ሙሉ በወላይትኛ ያወራሉ። ግሪሳው እንደ ደመና ሲመጣ ወዲያው ይቀይራሉ።

«አንተ! ማመልከቻ ይዘሃል? ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው! ነገ ተመለስ!»

በሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ «እትዬ፣ ወፍ አማርኛ ይሰማል እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔስ መቼ እሰማ ነበር? ለመሬቴ ጉዳይ ሶዶ ስመላለስ ‹ነገ ተመለሺ› ሲሉኝ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ ነው የወጣሁት። ቃሉ ራሱ ያባርራል!»

ደግሞ ወፉ እኮ ይነሳል። የሌላው ማሽላ ጭራሮ ሲሆን፣ የሳቸው እንደሞላ ይቆማል።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። ማሽላው ደርሶ፣ ደቦው ለቅዳሜ ተጠርቶ፣ የእትዬ ድምፅ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ዓመቱን የሚበሉት ማሽላውን ብቻ ነው። እጃቸውን ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ማማው ቀሰሩ። እኔ? ባጃጅ ላይ «ወራጅ» ማለት አፍሬ ቤቴን የማልፍ ሰው?

ወጣሁ። ግሪሳው ሰፈረ።

«እባካችሁ...» አልኩ።

አንዷ ቀና ብላ አየችኝና መብላቷን ቀጠለች። እትዬ ከታች በሹክሹክታ ተቆጡ፦ «አትለምን፣ ጌታነህ! አንተ እዚያ ላይ ባለጉዳይ አይደለህም፣ ኃላፊ ነህ!»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፤ «ስብሰባ ላይ ነን! ሰኞ ተመለሱ!» ብዬ ጮህኩ። ማሽላው ላይ ያለው ሁሉ ግር ብሎ ተነሳ። ሰኞ ያልኩት አስቤበት ነው፤ ቅዳሜ ይታጨዳላ። በማግስቱም መጡ፣ ወፍ ቀን አያውቅም፤ እኔም ሰኞ አልኳቸው። እንዲሁ ስንባባል ቅዳሜ ደረሰ፤ ማሽላው ገባ።

ሰኞ ጠዋት ብሄድ፣ ባዶው ማሳ ዳር ጥቂት አገዳ ከነፍሬው ቆሟል፤ ወፎቹ ሰፍረውበታል። እትዬ ማማው ሥር ቁጭ ብለው ያያሉ።

«ድምፅዎ አሁንም አልተመለሰም?»

«ተመልሷል። ሰኞ ብለህ ቀጥረሃቸው የለም እንዴ? እኔ በቀጠሮዬ ሄጄ ቢሮው ተዘግቶ ሲጠብቀኝ የተሰማኝን፣ ወፍ እንኳ እንዲሰማው አልፈልግም።»

ከዚያ ወደ ወፎቹ ዞረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው «ብሉ» አሏቸው።