ክብርት ወይዘሮ ጠርጥር እና ተጠርጣሪዎቻቸው

ክሊኒክ ካለበት ሰፈር እንዲህ ያሉ እናት አይጠፉም። ከጠፉ፣ ወይ ክሊኒኩ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ሐኪሙ በጓሮ በር አምልጧል። አለርጂ ያለባት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ አንዴ ስታነጥስ እናት ጫማቸውን ያጠልቃሉ፤ ስትደግም ደረጃውን እየወረዱ ነው፤ ስትሰልስ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለዋል።

ለዶክተሩ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ ጠርጥር ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው የክሊኒኩ ሲስተር ናት። ሴትዮዋ ገብተው ወንበር ሳይስቡ «ጠርጥር ነው ዶክተር! ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር!» ማለት ልማዳቸው ነው።

ሚጡ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አስም አለባት፣ ቆዳዋን ያሳክካታል፣ አበባ ሲፈካ ዓይኗ ያለቅሳል። እናቷ በደረቁ ወራት ለአቧራው፣ በዝናቡ ለሻጋታው ይዘዋት ይመጣሉ። ሁሉም ሰላም ከሆነ ደግሞ «ዛሬ ምንም የላትም፤ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው» ብለው ይመጣሉ።

ዶክተሩ በገዛ አፉ ነገር ያመጣው አንድ ቀን «ምን እንደሚቀሰቅስባት ቤት ውስጥ አጣሩ» ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ክብርትነታቸው ተጠርጣሪዎቹን በአካል ማቅረብ ጀመሩ። መጀመሪያ ትራስ አቅፈው መጡ። ቀጥሎ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ወረፋ ያዙ። በመጨረሻ የጎረቤታቸውን ድመት በቅርጫት ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይመርምሩልኝ ዶክተር።»

«ድመቱን?»

«እሱን ነዋ! እጅ ከፍንጅ ነው የያዝኩት፣ ልጄ አልጋ ላይ ተጋድሞ!»

ተጠርጣሪው ከቅርጫቱ ዘሎ ካርድ ክፍል ገባና መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሊያወርዱት ሲራወጡ ማነጠስ የጀመረው ግን ሚጡ ሳትሆን ዶክተሩ ነበር። ዓይኑ ቀላ፣ አፍንጫው እንደ ቧንቧ ወረደ። ወይዘሮ ጠርጥር ድመቱን ረስተው አገጩን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«እርስዎም አለብዎት እንዴ? ለመሆኑ ሐኪም አይቶዎታል?»

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ድምፃቸውን ኮሪደር ላይ ሲሰማ «የለም በያቸው» ማለት ለመደ። ሲስተሯ የለም ስትላቸው ግን «ሲያነጥስ እየሰማሁት?» ብለው ቁጭ ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጉዳይ ይዛ የመጣችው ሚጡ ራሷ ሆነች። የክፍሏ ልጆች በሙሉ አንድ ሌሊት ሐይቅ ዳር ሊያድሩ ነው።

«ሁሉም ይሄዳሉ ዶክተር። እማዬ እርስዎን ነው የምትሰማው። እባክዎ!»

እናቷ በዚህ ቀን «ጠርጥር» አላሉም። አምና ልጃቸው ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አየር አጥሯት፣ አቅፈዋት በባዶ እግራቸው ሲሮጡ የደረሱት እዚሁ ክሊኒክ ነው። ዶክተሩም ያን ጠዋት አልረሳውም። አሁን ሚጡ ለአስሟ የምትስበውን ፓፍ እንዴት እንደምትጠቀም እንድታሳየው ጠየቃት። ነቀነቀች፣ ተነፈሰች፣ ሳበች፣ ያዘች። አንድም አላጎደለችም።

«ትሂድ። አስተማሪዋን እኔ ራሴ አነጋግራለሁ።»

«የእርስዎ ልጅ ብትሆን ይልኳት ነበር?»

«እልካት ነበር» አለ ዶክተሩ። «እንቅልፍ ግን አይወስደኝም ነበር።»

የጉዞው ቀን ክሊኒኩ ሲከፈት ወይዘሮ ጠርጥር በር ላይ ነበሩ። ልጅ የለም፣ ትራስ የለም፣ ባዶ እጃቸውን።

«እትዬ፣ ማንን ሊያሳክሙ ነው?» አለች ሲስተሯ።

«ማንንም። ዛሬ እዚህ ካልተቀመጥኩ ትንፋሽ የለኝም።»

ዶክተሩ በሽተኛ በሸኘ ቁጥር አንገቱን በበሩ እያሰገገ «አልደወሉም?» ይላል። ከሰዓት በኋላ የእናትየው ስልክ ጮኸ። ክብርት ወይዘሮ የአስተማሪዋን ቁጥር ሲያዩ ስልኩን ለዶክተሩ ሰጡት። እሱም «ሀሎ» ብሎ፣ እናትየውም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ።

«ዶክተር? እማዬ አለች? ስሮጥ ደረቴን ያዘኝ። ቁጭ አልኩ፣ ፓፌን ወሰድኩ፣ አስተማሪዬ አጠገቤ ሆና ጠበቅን፣ ለቀቀኝ። ደህና ነኝ! በቃ ቻው፣ የጀልባ ተራዬ ደረሰ!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሯቸውን ሊታከሙ የመጡ አንድ አዛውንት ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ተነስተው አጨበጨቡ። እናት አለቀሱ፤ ደስታ ነው፣ አልደበቁትም።

«እንግዲህ ልጅዎ ጎብዛለች» አለ ዶክተሩ። «ካላመማት በስተቀር በስድስት ወር አንዴ ብትመጡ ይበቃል።»

ይጮሃሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን እንባቸውን ጠርገው ተነሱ።

«እሺ። እስከ ዛሬም ብዙ አስቸገርንዎት። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዶክተሩ ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ አያቸው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶታል! አሁን ግን የውጭው በር ጋ ሳይደርሱ ጠራቸው።

«ለማንኛውም ሰኞ ይዘዋት ይምጡ።»

ወይዘሮ ጠርጥር ደነገጡ። «ምነው? ምን አዩባት?»

«ምንም» አለ ዶክተሩ። «ስለ ሐይቁ እንድትነግረኝ ነው።»