ከወገብ በታች ሲደነዝዝ

ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው የሚፈራው ቢላዋውን ይመስላችኋል አይደል? እኔ የፈራሁት ማደንዘዣውን ነው።

ድሬዳዋ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ የሩዝና የዱቄት ሱቅ አለኝ። ከሰሚራ ጋር ከተጋባን ቆይተናል፤ ልጅ ግን አልመጣም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነበር። እኔን ማን ይጠይቃል? በመጨረሻ ተያይዘን ሄደን ተመረመርን። ሐኪሙ ሰሚራ ደህና መሆኗን ነገረንና ወደ እኔ ዞረ። በግራ የዘር ፍሬዬ በኩል ያሉት የደም ሥሮች አብጠዋል፤ ቆሜ ስውል የሚከብደኝም ከዚያ ነው አለ። ቫሪኮሴል ይባላል። በቀዶ ሕክምና ይታሰራሉ፤ ለመውለድ ሊረዳ ይችላል፤ ዋስትና ግን የለውም። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ሰሚራ እጄን ያዘችኝ።

አባቴ ለሆዱ ቀዶ ሕክምና እንዳስተኙት አልነቃም። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ልታነጋግረኝ ስትመጣ ገና ሳትቀመጥ «እኔ አልተኛም» አልኳት።

አልተቆጣችም። ሙሉ በሙሉ ተኝቶ መሠራት አለ፤ ምንም አይሰማህም፣ ስትነቃ ግን ሊያቅለሸልሽህ ይችላል አለችኝ። ጀርባ ላይ ተወግቶ ከወገብ በታች ብቻ መደንዘዝም አለ፤ እንደነቃህ ትቆያለህ፣ አንዳንዱን ሰው በኋላ ራስ ምታት ይይዘዋል። ቦታውን ብቻ ማደንዘዝም አለ፤ ሐኪሙ ግን ለእኔ አልመረጠውም። ስለ አባቴ ስነግራት ነገሩን አላቃለለችብኝም። ሌላ ዘመድ እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ ብላ አጥብቃ ጠየቀችኝ። ከዚያ «የአባትህን አላውቅም። አንተ ግን እስክትጨርስ ካጠገብህ አልነሳም» አለችኝ። ከወገብ በታች የሚለውን መረጥኩ።

ጀርባዬን አጉብጬ ተቀመጥኩ፤ ወጉኝ። ሙቀት ወደ ታች ፈሰሰ፤ እግሮቼ ከበዱ፤ ከዚያ ጠፉ። የአንድ ሰውዬ እግር ሲያነሱ አየሁና አዘንኩለት። ለካ የኔው ነው! መጋረጃ ጋረዱብኝ። የሆነ ነገር ሲጎተት ይሰማኛል፣ ሕመም የለም።

ባለሙያዋ በወሬ ልታስረሳኝ ብላ «ልጆች አሉህ?» አለችኝ።

«የሉኝም። ለዚያ ነው እዚህ የተኛሁት» አልኳት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኔም እየጠበቅኩ ነው፤ አብሽር፣ አይዞህ» አለችኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እጄ ላይ ግሉኮስ ስለነበር እሷው ጠረገችልኝ።

ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የተመለሰው የእግሬ አውራ ጣት ነው። ሰሚራ ስታየው እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል ነርሷ አፏን አስያዘቻት። ሽንቴ እስኪመጣ ወደ ቤት አልለቀቁኝም። በድሬ ሙቀት ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ለብሶ መተኛትን ለጠላትም አልመኝም፤ ግን ሐኪም ካዘዘ ምን ይደረጋል? ቦታው አብጦ ጠቁሮ ነበር፤ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ለሳምንታት ጆንያ እንዳትነካ ተባልኩና ሱቁን ሰሚራ ያዘችው፤ ሰፈሩም ምን ሆኖ ነው ሲል ሲል ደረሰበት። ከወራት በኋላ ስመረመር ውጤቱ ከበፊቱ ተሽሏል። ልጅ ገና ነው። ግን አሁን ሰሚራ የምትጠብቀው ብቻዋን አይደለም፤ አብረን ነው የምንጠብቀው።

በቀደም ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው አብዱላሂ መጣ። ደንበኛው እስኪወጣ ጥግ ይዞ ቆመ።

«አቦ፣ ያ ነገር ጀርባ ላይ ሲወጉህ ያማል?»

«ለማን ነው?»

«ለወንድሜ» አለኝ።

አብዱላሂ ወንድም የለውም፤ በእህቶች መሀል ያደገ ብቸኛ ወንድ ነው። ወንበር ሰጠሁትና ከመርፌው እስከ ውስጥ ሱሪው ድረስ ሁሉንም ነገርኩት። ሊወጣ ሲል፣ «ወንድምህ ብቻውን እንዳይሄድ። ከፈለገ እኔ አብሬው እሄዳለሁ» አልኩት።

በሩ ላይ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ማክሰኞ ይመቸዋል» አለኝ።