በጧፍ የተጀመረው እርግዝናዬ

«ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑም» የሚል ፖስት ሲያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ የምታልፉ ሰዎች፣ ይቺን ብቻ አትለፏት።

ዛሬ ጠዋት እርጉዝ አለመሆኔን ለማስረዳት አንድ የተከበሩ ቄስ ፊት አፌን በሰፊው ከፍቼ ቆሜያለሁ።

አፌን! አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

አሁን መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቶብስ እየጠበቅኩ ነው። ኔትወርኩ መጣሁ ሲል ይሄዳል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ልናገርና ይውጣልኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ከወር በፊት ጥርሴን ብሬስ አሳሰርኩ። በሃያ ሰባት ዓመቴ! «ምነው በልጅነትሽ ባሳሰርሽው» ብላችሁ ኮመንት ላይ ያላገጣችሁብኝን አልረሳሁም። በልጅነቴ ሐኪም እፈራ ነበር፣ ምን ላድርግ? አሁንም እፈራለሁ፣ ግን ፎቶ ላይ አፌን በእጄ መሸፈን ሰለቸኝ።

ብሬስ ያላሰረ ሰው ሕመሙ አይገባውም። ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ጥርስ ሁሉ ይነቃነቃል፣ ዳቦ ድንጋይ ይሆናል፣ የጉንጭ ውስጡ ይላጣል። ሐኪሜ ግን መላ መላውን አስተምሮኛል። ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ፣ ለስላሳ ለስላሳውን ብዪ፣ ሲብስብሽ ማስታገሻ ዋጪ፣ ሽቦው ጉንጭሽን ከወጋሽ ደግሞ ትንሽ ሰም ድብልብል አድርገሽ ለጥፊበት ብሎኛል።

እነዚህን ምክሮች ያዙልኝ። ሰውን እንዴት አድርገው እንደሚያስረግዙ ታያላችሁ።

ሐሙስ ሽቦውን አስጠበቅኩ። ዓርብ ከሀብቴ ጋር ወደ መንዝ ጉዞ! ሀብቴ እጮኛዬ ነው። ዲያቆን ነው፤ አባቱ ቄስ አየለ ደግሞ የሰፈሩ ደብር አገልጋይ ናቸው። ጥር ሃያ አንድ የማርያም ንግሣቸው ስለሆነ ያኔ መጥቼ ቤተሰቡ እንዲያየኝ ተባለ። ከዚያ በፊት ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ካልሆነ ተገናኝተን አናውቅም።

ሰርጋችን የተቆረጠው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እዚያው ደብር፣ በተክሊል። ቄስ አየለ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲድሩ ኖረው የራሳቸው ልጅ አክሊል ደፍቶ ቆርቦ ሲያገባ ማየት ነው የቀራቸው። ተክሊል ደግሞ ለሁለቱም በድንግልና ነው። ሙሽሪት እርጉዝ ከሆነች ተክሊሉም ይቀራል፣ የሀብቴም ድቁና ያበቃል፣ የሽማግሌውም ሕልም እዚያው ላይ ያከትማል። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ሀብቴ አውቶብስ ውስጥ፣ ስለ ጥርሴ እሱ ቀስ ብሎ እስኪነግራቸው ድረስ አፌን ገጠም እንዳደርግ ለመነኝ። ሽቦ አፏ ውስጥ የከተተች ምራት የከተማ ቅምጥል ናት እንዳይሉኝ ፈርቶልኝ ነው። እኔም ጨዋ ለመባል ስል እሺ አልኩ።

እኔ! አፌን ልዘጋ! የሚያውቀኝ ሰው አሁን እየሳቀ ነው።

የመንገዱን ነገር ተዉት። አውቶብሱ በነጠረ ቁጥር ጥርሴ እርስ በርሱ እየተጋጨ ዘመሮ ስንደርስ የሽቦው ጫፍ ወጥቶ ጉንጬን ይወጋኝ ጀመር። ሰሙን ቦርሳዬ ውስጥ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። አዲስ አበባ፣ ሌላኛው ቦርሳዬ ውስጥ በሰላም ተኝቷል።

ቤት ደረስን። የሀብቴ እናት እማማ የሺ እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። እኔ በተዘጋ አፍ ፈገግ አልኩ። ቆሎ ቀረበልኝ፤ ይቅርብኝ አልኩ። ለብርዱ ብለው አረቄ ቀዱልኝ። የተላጠ ጉንጭ ላይ አረቄ ታስቡታላችሁ? አልጠጣም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደበቅ ብዬ ክኒን ዋጥኩ። ተደበቅኩ ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ እማማ የሺ ከጓዳው በር ሆነው ፍጥጥ ብለው ያዩኛል።

ቅዳሜ በማለዳ የጨው ውሃዬን በኩባያ ይዤ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ሄድኩ። ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ጎንበስ ብዬ እጉመጠመጣለሁ፣ እተፋለሁ፤ ደግሞ እጉመጠመጣለሁ፣ ደግሞ እተፋለሁ። ቀና ስል የጎረቤታቸው እትዬ ድንቄ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ሰባት ልጅ ወልደው ያሳደጉ ሴት ናቸው። በሐዘኔታ አዩኝና «አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል» አሉኝ።

እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው ብዬ ወደ ቤት ገባሁ!

እሑድ ንግሥ ነው። ቅጽሩ በነጠላ ነጭ ሆኗል። እማማ የሺ አንድ ጧፍ አስያዙኝ። ጉንጬ በዚያን ሰዓት እሳት ነው፤ ምራቄን መዋጥ እንኳ አቅቶኛል። ጧፉን አየሁት። ደግሜ አየሁት።

ጧፍ ከምንድነው የሚሠራው? ከሰም!

እንደዚያ ቀን ጭንቅላቴ ሠርቶ አያውቅም። ነጠላዬን አፌ ድረስ ሳብኩና ከጫፉ ነከስ፣ በምላሴ ድብልብል፣ ሽቦው ላይ ለጠፍ። ኡፈይ! ዓለም ተቃናች። ችግሩ ግን «አሜን» ባልኩ ቁጥር ይወድቃል፤ ቅዳሴ ላይ ደግሞ አሜኑ ብዙ ነው። ደግሜ ነከስኩ። ደግሜ ደጋገምኩት። ማርያም ይቅር ትበለኝና፣ ቅዳሴው ሲጠናቀቅ የኔ ጧፍ ሳይበራ አልቋል።

ከኋላዬ ማን ቆሞ ነበር? እትዬ ድንቄ!

እርጉዝ ሴት አፈር ሲያምራት ያውቃሉ። ከሰል ሲያምራትም አይተዋል። ጧፍ ያማራት ግን የመጀመሪያቸው ሳልሆን አልቀርም። መንግሥት አንድ ለአምስት እያለ ስንት ዘመን የሚያደራጀውን ሕዝብ እትዬ ድንቄ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቤታቸው ባለው መንገድ ብቻቸውን አዳረሱት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ። አጎዛ ተነጠፈልኝ። የሱፍ ባና ለበስኩ። እንስራ ላንሳ ብል እማማ የሺ ከእጄ ነጠቁኝ። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ነው፣ እጃቸው ግን ከትከሻዬ አልወርድ አለ። ቄስ አየለ መስቀል አሳለሙኝና ፊታቸውን አዞሩ። እኔ የዋሂቱ ለሀብቴ እናቱ እንደወደዱኝና አባቱ ዓይን አፋር መሆናቸውን አበሰርኩት። እሱም ደስ አለው። ሁለት ጅሎች!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገንፎ መጣ።

የገብስ ገንፎ! ትኩስ፣ ለስላሳ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ የሞላበት፣ ማኘክ የሚባል ነገር የማያውቅ! ከሐሙስ ወዲህ ምግብ ብዬ የበላሁት እሱን ብቻ ነው። እትዬ ድንቄና ሌሎች የሰፈሩ ሴቶች ዙሪያዬን ተቀምጠው ስበላ ያያሉ፣ እርስ በርሳቸው ጭንቅላት ይነቀንቃሉ። የኔ ነገር፣ ምግብ የማትንቅ ምራት እያሉኝ መስሎኝ መብላቱ ባሰብኝ።

እትዬ ድንቄ እጃቸውን ዘርግተው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉኝ።

እኔም አፌ ሙሉ ገንፎ፣ ምርቃት ሲሰማ አሜን ማለት ልማዴ ነውና፣ «አሜን!»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሴቶቹ ተያዩ። ቃሉ ጆሮዬ የገባው ያኔ ነው። በሽልም? ለጥርስ ሕመም በሽልም ታውጣሽ ይባላል እንዴ? ቆሎው፣ አረቄው፣ ክኒኑ፣ ትፋቱ፣ ጧፉ ባንድ ጊዜ ትዝ አለኝና ገንፎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ይሄኔ ሀብቴ ከውጭ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ነገረኝ። አባቱ ለብቻው ወስደው «የደበቃችሁን ነገር እውነት ነው ወይ?» ሲሉት፣ ሀብቴዬ ብሬሱን አውቀውብን ነው ብሎ አዎ አላቸው። ቀስ ብሎ ሊነግራቸው እንደነበር፣ ያበረታታኝም እሱ ራሱ እንደሆነ ጨመረላቸው። አባቱ እንባቸውን ሲጠርጉ ትቷቸው ነው የገባው።

ያበረታታኋት እኔ ነኝ! ለአባቱ! ወገኖቼ፣ ይሄን ሰው ነው የማገባው።

ቄስ አየለ ተከትለውት ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት እያዩ «ተክሊሉ ይቅር። ከዐቢይ ጾም በፊት እንደምንም እንጨርሰዋለን» አሉ። ቁጣ የሚባል የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ የሺ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ፈገግታዬን ደብቄ አስለቀስኳቸው። ከዚያ ወዲያ ጨዋ ምራትነት ይቅርብኝ!

ብድግ አልኩ።

«አባ፣ እርጉዝ አይደለሁም። ጥርሴን ነው ያመመኝ» አልኩና በሩ ጋ፣ ብርሃኑ ጋ ሄጄ አፌን ከፈትኩ። ጉንጬን በጣቴ ሳብኩላቸው።

ቄስ አየለ መነጽራቸውን አደረጉ። ሴቶቹ ተራ በተራ እያጎነበሱ ቀርበው አዩ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ፣ ግማሽ ቃል እየዋጥኩ፣ ሽቦው ምን እንደሆነ፣ ጨዉ ለምን እንደሆነ፣ ክኒኑ የምን እንደሆነ አስረዳሁ።

«ጧፉንስ?» አሉኝ ቄስ አየለ።

«ጧፉም ለሽቦው ነው፣ አባ። ይፍቱኝ።»

የቄስ አየለ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማልቀሳቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ሀብቴም ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አሁን ገብቶት ራሱን ይዞ ቀረ። ቄስ አየለ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ፣ ከዚያ ከሳጥናቸው ጧፍ የሚሠሩበትን ንጹሕ ሰም ቆረስ አድርገው አምጥተው «ይኼውልሽ፣ የማርያምን ተዪላት» አሉኝ። ተክሊሉም በቀኑ ይሁን ተባለ።

እማማ የሺ ግን አልሳቁም። አገጬን ያዝ አድርገው የተላጠውን ቦታ አዩት።

«ይሄን ሁሉ ቀን እየወጋሽ ዝም አልሽ?»

ይቺን ሲሉኝ አልቻልኩም። «በጣም ያማል፣ እማማ» ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ከሐሙስ ጀምሮ የዋጥኩትን ሁሉ እቅፋቸው ውስጥ ለቀቅኩት። እሳቸውም አለቀሱ። ጀርባዬን እየደባበሱ፣ ቄስ አየለ እንዳይሰሟቸው ጆሮዬ ሥር ተጠግተው «እኔ እኮ ስም እንኳ አውጥቼለት ነበር» አሉኝ።

ሴትየዋ ልጃቸው ድቁናውን ሊያጣ፣ ስማቸው በአገሩ በክፉ ሊነሳ ነው ብለው እያመኑ፣ ሌሊቱን እኔን የሚያስቡት፣ ለሌለው ልጄ ስም የሚያወጡት! ከዚህ በኋላ ከሀብቴ ጋር ብንጣላ እንኳ እናቱን አልለቅም፣ ይታወቅልኝ።

አለቀ ብላችኋል? እኔም አለቀ ብዬ ነበር!

መናኸሪያው ድረስ በመንገድ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ቀስ ብለሽ ተራመጂ ይለኛል። አሁን ደግሞ ይሄን እየጻፍኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ከምሄድ እዚሁ የእርግዝና ክትትል እንድጀምር መከረችኝ። ምንም ሳልከራከር አፌን ከፍቼ አሳየኋት። ለምጄዋለሁ። በደንብ አየችኝና በታላቅ ርኅራኄ «አዎ፣ በእርግዝና ጊዜ ጥርስም ይታመማል» አለችኝ።

ሐኪሜ ሽቦው ሁለት ዓመት ይፈጃል ብሎኛል። መንዝ የሰጠኝ ደግሞ ዘጠኝ ወር ነው።

እስቲ ምከሩኝ፣ የቱን ላስቀድም?